ገዳዩ ማነው?

አቦ! ድሬ ላይ ዕቃ ከየት መጣ ተብሎ አይጠየቅም። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲው ባቡር ጋር ከተወለደች ጀምሮ የሩቅ አገር ነገር ቶሎ ይደርሳታል። በየቪዲዮ ቤቱ ካየናቸው ፊልሞች አንዱ ‹‹ስክሪም›› ነው። (ያላየ ካለ እዚህ ያቁም!)

በ1978ቱ ‹‹ሃሎዊን›› ገዳዩ ከመጀመሪያው ይታወቃል፤ የሚያስፈራው መቼ ይመጣል የሚለው ነው። በ1996 የወጣው የዌስ ክሬቨን ‹‹ስክሪም›› ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ፦ ከጭምብሉ ጀርባ ያለው ማነው?

አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን የተቀመጥን ሁሉ መርማሪ ሆንን። እንግሊዝኛው ባይገባንም መጠርጠር አስተርጓሚ አይፈልግም። የልጅቷ ፍቅረኛ ታስሮ ሳለ የገዳዩ ስልክ ሲደወል ‹‹በቃ፣ እሱ አይደለም!›› አልን። ደራሲው ኬቨን ዊሊያምሰን የሸወደን እዚህ ላይ ነው። እኛ የምንፈልገው አንድ ሰው፣ ገዳዮቹ ሁለት! ፍቅረኛዋና ጓደኛው።

ጭራቁ ከጫካ አልመጣም፤ አብሯቸው የሚስቅ ልጅ ነበር። ጎረቤት እንደ ቤተኛ በሚገባባት ድሬ ከቢላዋው ይልቅ ያስፈራን ይሄ ነው። መጠራጠር አንዴ ከገባ ማንም ከማንም ጋር ቡና አይጠጣም። ፊልሙ ሲያልቅ ጭምብሉ ይወልቃል፤ ሰፈር ውስጥ የገባ ጥርጣሬ ግን እንዲህ በቀላሉ አይወልቅም።