የተሰጥኦ ሚዛን፦ የሕንድ አገር አቀፍ የተሰጥኦ ፍለጋ ፈተና ታሪክ



ስለ ፈተና ስናወሳ ዘወትር የምንጠይቀው «ማን አለፈ?» ብለን ነው። የታሪክ ተመራማሪ ግን አስቀድሞ «ሚዛኑ ምን ይመዝን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ለዚህ የሕንድ ልምድ መልካም ማሳያ ነው።

የሕንድ ብሔራዊ የትምህርት ምርምርና ሥልጠና ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1961 ተቋቋመ። በ1963 ተሰጥኦ ላላቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በፈተና የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ጀመረ። ጅምሩ በዴልሂ ብቻ የተወሰነ ሲሆን፣ የተመደበውም ስኮላርሺፕ 10 ነበር። በዓመቱ ፈተናው መላ አገሪቱን ሲያዳርስ ቁጥሩ 350 ደረሰ። ተፈታኙ የሳይንስ ዝንባሌ ፈተና ይወስዳል፤ በሳይንሳዊ ርእሰ ጉዳይ ላይ ድርሰት ይጽፋል፤ የፕሮጀክት ዘገባም ያቀርባል። ከዚያ የተመረጡት ለቃለ መጠይቅ ይቀርባሉ። ስኮላርሺፑ መሠረታዊ ሳይንስን ለሚያጠኑ ብቻ፣ እስከ ዶክትሬት ድረስ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ በኅብረተሰብ ጥናት የላቀ ወጣት በዚህ ሚዛን ላይ ቦታ አልነበረውም።

በ1976 መርሐ ግብሩ ተሻሻለ። የኅብረተሰብ ሳይንስ፣ ምህንድስናና ሕክምና ተካተቱ፤ ስኮላርሺፑም 500 ሆነ። ፈተናው ሕገ መንግሥቱ ዕውቅና በሰጣቸው ቋንቋዎች መሰጠት ጀመረ። በ1981 ደግሞ ከ550ው ስኮላርሺፕ 50ው በታሪክ ለተገለሉ ካስቶችና ጎሳዎች ልጆች ተለየ። ከ1985 ጀምሮ የመጀመሪያው ዙር ምርጫ ለክልሎች ተሰጠ።

ይህ መስፋፋት ዋጋ ነበረው። በ1976 ድርሰቱና የፕሮጀክት ዘገባው ቀርተው በምርጫ ጥያቄዎች ተተኩ። እንደ እኔ አተረጓጎም፣ በብዙ ቋንቋ ብዙ ሺህ ተማሪን የሚፈትን ሥርዓት የእያንዳንዱን ድርሰት አንብቦ በእኩል ዓይን መዳኘት ይሳነዋል። በሩ ሲሰፋ ዓይኑ ጠበበ ማለት ይቻላል። ፈተናው ከ2021 ወዲህ ተቋርጧል፤ የተወልን ጥያቄ ግን አልተቋረጠም።

ጥያቄው እኛንም ይመለከታል። የአገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። አንድ የገጠር ተማሪ የፊዚክስ ጥያቄ ሲስት፣ የሳተው ፊዚክሱን ይሁን ቋንቋውን ውጤቱ ብቻ አይነግረንም። ስለዚህ ስለ ተማሪው ከመፍረዳችን በፊት ሚዛኑን ራሱን ልንመረምር ይገባል እላለሁ።