ሚዛን የማያሳየው ለውጥ
ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሕፃናትና የአካል እንቅስቃሴ በሕክምና ታሪክ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ከልክ በላይ የወፈረ ሕፃን ወደ ሐኪም ሲቀርብ፣ የብዙዎች ጥርጣሬ በእጢዎች መታወክ ላይ ያርፍ ነበር። በጀርመን ተወልደው በኒው ዮርክ ይሠሩ የነበሩት የሕፃናት ሐኪም ሂልደ ብሩክ ግን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባካሄዱት ምርመራ፣ አብዛኞቹ ወፍራም ሕፃናት በቁመት ከእኩዮቻቸው እንደማያንሱ፣ እንዲያውም እንደሚበልጡ አሳዩ። መንስኤው የእጢ ጉድለት ቢሆን ኖሮ እድገታቸው በተጓተተ ነበር።

መንስኤውን በአኗኗር ውስጥ መፈለግ ሲጀመር ትኩረቱ በቅድሚያ በምግብ ላይ አረፈ። የሃርቫርዱ ዣን ማየርና ባልደረቦቻቸው ግን ወደ እንቅስቃሴም ተመለከቱ። በበጋ ካምፕ የነበሩ ልጃገረዶችን ሲዋኙ፣ መረብ ኳስና ቴኒስ ሲጫወቱ በፊልም ቀርጸው በ1964 ባሳተሙት ጥናት፣ ወፍራሞቹ በጨዋታው መካከል እንኳ እጅግ ጥቂት እንደሚንቀሳቀሱ አረጋገጡ።

ይህን ዕውቀት በሀገር ደረጃ ሥራ ላይ ካዋሉት መካከል ሲንጋፖር ትጠቀሳለች። በ1992 በተጀመረው የትምህርት ቤቶች ፕሮግራም ወፍራም ተማሪዎች ተለይተው ተጨማሪ ስፖርት እንዲሠሩ ተደረገ። ከ100 ተማሪዎች 14 ያህል የነበረው የውፍረት መጠንም በዓመታት ውስጥ ከ10 በታች ወረደ። ሆኖም ከእኩዮቻቸው ፊት የተለዩት ልጆች መሳለቂያ ሆኑ፤ የፕሮግራሙ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ወደ ኋላ ሲነበብ «ወፍራም» ማለት መሆኑ ፌዙን አባባሰው። በ2007 ፕሮግራሙ ቀርቶ ሁሉንም ተማሪዎች በሚያቅፍ አሠራር ተተካ።

በሲንጋፖር ስኬቱ የተለካው በክብደት ነበር። በ2004 ከአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ የወጣ ጥናት ግን ሌላ መለኪያ አቀረበ። ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው 19 ታዳጊዎች ለ8 ሳምንታት የተመጠነ ስፖርት ሠሩ። የሰውነታቸው ክብደት አልቀነሰም። ነገር ግን ተዳክሞ የነበረው የደም ቅዳ ቧንቧቸው የመስፋት ችሎታ ወደ ጤናማ እኩዮቻቸው ደረጃ ተመለሰ። የሚሠራ ጡንቻም ያለ ኢንሱሊን እገዛ ጭምር ግሉኮስን ከደም ስለሚወስድ፣ ጥቅሙ ከስብ መቀነስ ቀድሞ ሊጀምር ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። ምክሩን የሚያስተላልፍ የጤና ባለሙያ ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ትምህርት አለ። ለሁለት ወራት የተጋ ልጅ ሚዛን ላይ ቆሞ «ምንም አልቀነስክም» ቢባል፣ ልቡና ደም ሥሮቹ የሚጠቀሙበትን እንቅስቃሴ ሊተው ይችላል። ስለዚህ የደም ግፊቱ፣ የደም ስኳሩና የትንፋሽ አቅሙ አብረው ይታዩ፤ ለውጡም ለልጁና ለወላጆቹ ይነገር።