በውሃ የሟሟ ኬሚካል ወደ አየር ስለ መትነኑ

በውሃ ውስጥ የሟሟ ባዕድ ነገር ከውሃው ገጽ ተለይቶ ወደ አየር የሚወጣበትን ሥርዓት አስቀድሞ ለማስላት መሠረት የሆነው፣ የማንቸስተሩ ሊቅ ዊልያም ሄንሪ በ1803 እ.ኤ.አ. ያስታወቀው ሕግ ሲሆን፣ ይኸውም ሙቀቱ ካልተለወጠ በውሃ የሚሟሟው የጋዝ መጠን ከውሃው በላይ ባለው በዚያው ጋዝ ግፊት ልክ ይጨምራል፣ ይቀንሳልም የሚል ነው። ከዚህም የተነሣ እያንዳንዱ ነገር በአየርና በውሃ መካከል የሚከፋፈልበት የራሱ ልክ አለው፤ እርሱም የሄንሪ ቁጥር ይባላል።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚፈላ ነገር ከውሃም ቶሎ ይለያል ብሎ ይገምታል፤ ፍርዱ ግን የሚያርፈው ውሃው ያን ነገር ምን ያህል አጽንቶ በመያዙ ላይ ነው። በወገዳና በጋይንት አረቄ የምታወጣ ባለሙያ ድፍድፉን ጥዳ፣ የእንስራውን አፍ መርጋ፣ እንፋሎቱን በመቃ ወደ ቀዘቀዘው መቀበያ ስትመራው፣ አልኮል ብቻውን በባሕር ወለል ግፊት በ78 ዲግሪ የሚፈላ ሆኖ ሳለ ብዙ ውሃ አብሮት ስለሚወጣ፣ መጀመሪያ የወረደው ተራ አረቄ ሆኖ ዳግሙን ለማግኘት መልሳ መጣድ ግድ ይሆንባታል። እሳት ባልነካው ውሃማ ነገር ላይ፣ በ25 ዲግሪ፣ በአየሩ የሚገኘው አልኮል በእኩል ስፍር ውሃ ውስጥ ካለው ከ10000 እጅ 2 እጅ ያህል ብቻ ነው። በአንጻሩ በአገራችን የወባን ትንኝ ለማጥፋት ለብዙ ዘመን በቤት ግድግዳ ሲረጭ የኖረው ዲዲቲ፣ ብቻውን ሲታይ ከቶ የማይተን የሚመስል ጠጣር ሲሆን፣ ውሃ ስለማይቀበለው ቁጥሩ ከ10000 እጅ 3 እጅ ገደማ ደርሶ ከአልኮል ይበልጣል፤ ይህም እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

የመውጣቱን ፍጥነት በተመለከተ፣ ሉዊስና ዊትማን በ1924 እ.ኤ.አ. እንደ አስረዱት፣ የሚተነው ነገር በውሃው ገጽ ከታችና ከላይ ያሉትን ሁለት ስስ ሽፋኖች ማለፍ አለበት፤ ኦክስጅንን የመሰለውን የሚያዘገየው የውሃው ሽፋን፣ አልኮልንና አሞኒያን የሚያዘገየው ደግሞ የአየሩ ነው። ግማሹ የሚወጣበት ጊዜ የውሃው ጥልቀት ለመሻገሪያው ፍጥነት ተካፍሎ በ0.69 ሲባዛ ይገኛል፤ ጥልቀቱ 1 ሜትር፣ ፍጥነቱም በቀን 1 ሜትር ቢሆን 17 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ነፋስና ሙቀት ያፋጥኑታል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ለሟሟው ክፍል ብቻ ስለ ሆነ፣ በክረምት ከጉና ተራራ አፈር ጠርገው እንደሚወርዱት ወንዞች በደፈረሰ ውሃ፣ ከደለሉ ጋር የተጣበቀው ዲዲቲ ከሒሳቡ አስቀድሞ መቀነስ አለበት።