ስምንት ሳምንት የኖረ ወንዝ

አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ተፈጥሮው ነውና ማንም አይከሰስበትም። ኮሎራዶ ግን ከአሜሪካ ተነሥቶ በሜክሲኮ በኩል ባሕር ሲገባ የኖረ ወንዝ ነው፤ መንገድ ላይ ያስቀረው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1922 የደን ባለሙያው አልዶ ሊዮፖልድ ከወንድሙ ጋር በታንኳ የወንዙን መጨረሻ ዞረው፤ ወፍ የሞላበት፣ አኻያ የሸፈነው ረግረግ ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የሰባት የአሜሪካ ግዛቶች ተወካዮች ሳንታ ፌ ላይ ተቀምጠው ውሃውን ተካፈሉት፤ በዓመት 18.5 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ገደማ። ስሌታቸው ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት የተለካ ነበርና የተካፈሉት ወንዙ ከሚያመጣው በለጠ! ለሜክሲኮ 1.85 ቢሊዮን የተቆረጠላት በ1944 ነው። እዚያው ዓሣ እያሰገሩ የኖሩትን ኩካፓዎችንማ ማን ጠይቋቸው?

ከዚያ በኋላ ግድብ በግድብ ላይ ተሠራ። ከ1960ዎቹ ወዲህ ከጥቂት የጎርፍ ዓመታት በቀር ወንዙ ባሕሩን አላየም። ኮተንውድ የሚባለው የወንዝ ዳር ዛፍ ዘሩን የሚጥለው በጸደይ ነው፤ ጎርፍ ጠርጎ ያራሰው አፈር ካላገኘ ዘሩ በሳምንታት ውስጥ ይሞታል። ቦታውን ጨው የሚችለው መጤ ቁጥቋጦ፣ ታማሪስክ፣ ወረሰው።

ሁለቱ መንግሥታት በ2012 ተስማሙና በማርች 23 ቀን 2014 የሞሬሎስ ግድብ በር ተከፈተ። ለስምንት ሳምንት 130 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ያህል ተለቀቀ፤ ጊዜውም ሆነ ተብሎ ከዛፎቹ ዘር ጋር የተገጠመ ነበር። በሳን ሉዊስ ከተማ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ወንዛቸውን ደረቅ አሸዋ ሆኖ ብቻ የሚያውቁ ልጆች ውሃ ውስጥ ተንቦራጨቁ። በሜይ አጋማሽ ውሃው ባሕሩን ነካ።

ታዲያ ከመካከላችን አንዳንዱ «ለፎቶግራፍ የተለቀቀ ውሃ» ይለዋል። ነገሩ ጨርሶ ሐሰት አይደለም፤ አብዛኛውን ውሃ አሸዋው ጠጥቶታል። እኛ ግን የልጆቹን ደስታ እንደ ትርፍ ነገር ማየት አልሆነልንም። ወንዙን ያላየ ሰው ወንዙን አይጠይቅምና።

በ2021 አሠራሩ ተለወጠ። 43 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ያህል በመስኖ ቦይ ዞሮ፣ ደረቁን አሸዋ አልፎ፣ ታማሪስክ ተነቅሎ አኻያና ኮተንውድ ወደተተከለበት ቦታ ገባ። ከሜይ እስከ ኦክቶበር ሳይቋረጥ ፈሰሰ። በሳን ሉዊስ ድልድይ ሥር ግን በዚያ ዓመት የወረደ ጎርፍ አልነበረም።