የጊፋታ ገበታ

ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የእንጨት ገበታ። ጉኑኖ፣ ዳሞት ሶሬ ወረዳ፣ ወላይታ።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ በመስከረም ሲደርስ ቤተሰብ እንዲህ ካለ ገበታ አብሮ ይበላል። ከዚያ በፊት ግን ዕዳ ይከፈላል፤ የተጣላም ይታረቃል። ሽማግሌዎች ሁለቱንም ወገን ያዳምጣሉ፤ በዳይ ጥፋቱን ያምናል፤ ካሣ ይቆረጣል። ሕዝብ በበዛበትና ማሳ በጠበበበት በዚህ አገር የወሰን ጠብ ቀላል ነገር አይደለምና ሽምግልናው ጊዜ ይወስዳል።

የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢንና የፍልስጤማውያን መሪ ያሲር አራፋት ለሰላም ስምምነት በዋሽንግተን የተጨባበጡትም በዚሁ የዕርቅ ወር፣ መስከረም 3 ቀን 1986 ዓ.ም. ነበር። የኢየሩሳሌም፣ የወሰን፣ የስደተኞችና የሰፈራ መንደሮች ጉዳይ ግን ለኋላ ድርድር ተላለፈ። ራቢን ጥቅምት 24 ቀን 1988 ዓ.ም. በአንድ እስራኤላዊ ጥይት ተገደለ። መጨባበጡ ከንቱ አልነበረም፤ ደም የተቃባ ሰው እጁን መዘርጋቱ ትልቅ ነገር ነው። የጎደለው ሒሳቡ ነው። በዚህ ገበታ ዙሪያ በደሉ ተነግሮ ካሣው ሳይቆረጥ የተጣሉት አብረው አይቆርሱም።

በ1986 ዓ.ም. ለኋላ የተባሉት አራቱ ጉዳዮች ዛሬም እልባት አላገኙም።