ለማን ጥቅም? የእርዳታ ኮንሰርት አጀማመር



የእርዳታ ኮንሰርት ሲባል አብዛኞቻችን የምናስታውሰው ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ ለአገራችን ረሃብተኞች የተካሄደውን «ላይቭ ኤይድ» ነው። ሙዚቀኞቹ የተጫወቱት ያለ ክፍያ ነበር። የዚህ ልማድ ሥር ግን ልግስና ብቻ አይደለም፤ የሙዚቀኛው የራሱ እንጀራም ነው።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ «የጥቅም ኮንሰርት» ገቢው በአብዛኛው የሚውለው ለባለሙያው ለራሱ ነበር። አዳራሹን የሚከራይ፣ የሻማውን ወጪ የሚችል፣ ትኬቱንም የሚሸጥ እርሱ ነው፤ የተረፈው ትርፉ፣ የጎደለውም ዕዳው ይሆናል። የሙያ ባልደረቦቹ ብዙውን ጊዜ በነጻ ያጅቡታል፤ እርሱም በተራው ውለታቸውን ይመልሳል። ገበሬዎቻችን ወንፈል የሚሉት ዓይነት ነው።

ወንፈል ግን ጉልበት ላለው ሰው ነው። ያረጀ ወይም የታመመ ሙዚቀኛ ውለታ ሊመልስ አይችልም። ስለዚህም በ1738 እ.ኤ.አ. የለንደን ሙዚቀኞች ለተቸገሩ ባልደረቦቻቸውና ለቤተሰቦቻቸው መርጃ የሚሆን የጋራ ገንዘብ አቋቋሙ። ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ሃንደል ነበር። እርሱው በ1742 እ.ኤ.አ. «መሲሕ» የተሰኘውን ድርሰቱን በደብሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያቀርብ፣ ገቢው ለሁለት ሆስፒታሎችና በዕዳ ለታሰሩ ሰዎች ተሰጠ፤ 142 እስረኞችም ተፈቱ። የሙዚቀኛው መተዳደሪያ የነበረው ሥርዓት ለሌሎች መከራ መድረሻ ሆነ።

እንግዲህ ሙዚቀኛ በነጻ ሲጫወት የሚሰጠን የዕለት እንጀራውን ነው። ስጦታውን ስናመሰግን፣ እርሱ በታመመ ቀን ማን ይጫወትለታል ብሎ መጠየቅም የታሪክ ተማሪ ድርሻ ነው።