ሁለት ዐይን ወይስ አንድ? የሥዕል ትረካችንና አሶሳ

«ባህላችን ሳይበረዝ ይጠበቅ» የሚለው መፈክር በተሰማ ቁጥር የሥዕላችን ታሪክ በዝምታ ይሞግተዋል። በ15ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ የመጣው የቬኒሱ ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሊዮን፣ መርቆሬዎስ ተብሎ በኢትዮጵያ ኖረ፤ ሕፃኑን በእመቤታችን ግራ ክንድ ላይ በመሣሉ ሁከት እንደተነሣ ይተረካል። ሮም ላይ የታተመው ዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎችም ከጊዜ በኋላ በጎንደር ብራናዎች ላይ አዲስ መልክ ይዘው ተገለጡ። በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በላቸው ይመርን የመሰሉ ሠዓልያን የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሣጥን በሣጥን ከፍለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በ44 ሥዕሎች፣ ከአማርኛ መግለጫ ጋር ተረኩልን።

ይህ ጥበብ ምዕራባውያን ኮሚክ፣ ጃፓኖች ማንጋ ከሚሉት ጋር ዘመድ ነው። የማንጋው ሊቅ ኦሳሙ ቴዙካ ከዋልት ዲዝኒ ፊልሞች ብዙ ተምሯል፤ ቀደም ብሎም እ.ኤ.አ. በ1887 ቫን ጎህ የጃፓናዊውን የሂሮሺጌን ሥዕሎች ገልብጧል። ማንጋ ግን ዛሬ የጃፓን መለያ ነው። መዋስ ማንነትን አያጠፋም።

የእኛ ሠዓሊ የራሱ ሕግ አለው፤ ጻድቁን በሁለት ዐይን፣ ኃጥኡን በጎን አዙሮ በአንድ ዐይን ይሥላል። ሳባና ዓድዋ በዚህ ሕግ ደጋግመው ተሥለዋል። የቤኒሻንጉል ታሪክ ቢሣልስ? እ.ኤ.አ. በ1821 ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ወደ ሱዳን የዘመተው የግብጹ መሐመድ ዓሊ ጦር፣ እ.ኤ.አ. በ1898 በራስ መኰንን መሪነት ግዛቱን የጠቀለለው የምኒልክ ሠራዊት፣ ለአዲስ አበባ ወርቅ የገበሩት ሼክ ሆጀሌ አል ሐሰን፣ በግዛታቸው የቀጠለው የባሪያ ንግድ፤ እያንዳንዱ አንድ ሣጥን ይሻል።

ታዲያ ሼክ ሆጀሌ በስንት ዐይን ይሣሉ? ግብሩን የተቀበለው ቤተ መንግሥትስ? ለማዕከሉ ባለውለታ የሆነ ሰው ለተሸጠው በርታ ወይም ጉሙዝ ሌላ ነው። የጥንቱ ሕግ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ፖለቲካችንም እንደዚያው ሁሉንም ወይ ጻድቅ ወይ ኃጥእ አድርጎ ይሥላል።

ከቬኒስና ከሮም ለመማር ያላፈረ ጥበብ ከአሶሳ ለመማር ሊያፍር አይገባውም። እዚያ የሚጠብቀው ትምህርት ግን ከቀለም አቀባብ ይከብዳል፤ የተሸጠውን ሰው በሁለት ዐይን፣ ፊት ለፊት መሣል ነው።